ጠፍቷል ያልኩት እብጠት

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባርካችሁ። የቆማችሁ ተቀመጡ፤ የእኔ ነገር ትንሽ ይረዝማል፣ እናቶች ጉልበታችሁን ያማችኋል።

ዛሬ ልመስክር ብዬ ስሜን ሳስመዘግብ መድረክ የሚመራው ወንድማችን ወረቀቱን አየና፣ «እህት ዘነበች፣ አንቺ የዛሬ ሦስት ዓመት ስለ ጡትሽ መስክረሽ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። መስክሬ ነበር። ብዙዎቻችሁ እልል ብላችሁልኛል። ያኔ ከፊት ተቀምጠው ያለቀሱ እናቶች ዛሬም እዚያው ቦታቸው ላይ ይታዩኛል። እንግዲህ ዛሬ የቆምኩት ያንን ምስክርነት ላቃና ነው። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው፤ ግን በዚህኛው ጊዜ ሳልጨምርና ሳልቀንስ። ክብር ሁሉ ለእርሱ ይሁን!

ለማታውቁኝ፣ ቤታችን ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ወደ አታት ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቴ ደምሰው ባጃጅ ይነዳል፣ እኔ ቆጮ እነግዳለሁ። ጌታን ሳላውቅ በፊት ገበያ ላይ ምላሴን የሚችለው አልነበረም። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ በቆየ ቁጥር እንደሚወደድ ታውቃላችሁ። እኔ ዓምና የተቀበረውን ይዤ፣ «ይሄ እኮ አራት ዓመት የከረመ ነው፣ እስቲ አሽትተው» እል ነበር። ሲያሸት ደግሞ እየማልኩ አጅበዋለሁ። ጌታ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የነካው ይህንን ምላሴን ነው። አንድ ቀን ደንበኛዬ «ስንት ዓመት ሆነው?» ሲለኝ «አንድ» አልኩት። አጠገቤ የምትሸጠው ሴት ደንግጣ «ዘነበች፣ አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። ስሙ ይባረክ! ከዚያን ቀን ጀምሮ በቆጮ ዋሽቼ አላውቅም። በቆጮ ስለማልዋሽ ራሴን የማትዋሽ ሴት አድርጌ ቆጠርኩ፣ ወገኖቼ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ያኔ ጥር ወር ላይ ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴ ሥር ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ዳሰስኩ። እንሰት ስፍቅ አንድ ነገር መትቶኝ ይሆናል ብዬ ቅቤ ቀባሁት። አላመመኝም። ያላመመን ነገር ደግሞ እኛ በሽታ አንለውም። ለደምሰውም አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ጡት እኮ ነው፣ እንደ ጥርስ በሰው ፊት አይወራም።

በየካቲት የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ሆነ። ከሌላ ከተማ የመጣው አገልጋይ በሰውነቱ ላይ እብጠት ያለበት ሁሉ ወደ ፊት ይምጣ ሲል ወጣሁ። እጁን ሲጭንብኝ ሙቀት ተሰማኝ። ይህንን አልክድም፤ ሙቀቱ እውነት ነበር። ከዚያ ደረቴን ዳሰስኩ፣ እብጠቱን አጣሁት። ቀኑ ብርድ ስለነበረ ወፍራም ሹራብ ነበር የለበስኩት። በሹራብ ላይ ሽምብራ ፈልጌ አጣሁ፣ ቅዱሳን! ሳቁ፣ እኔም አሁን እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ሮጬ መድረክ ላይ ወጣሁና ማይኩን ይዤ «ጠፍቷል!» አልኩ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

አገልጋዩን እንዳትቀየሙት። እዚያው መድረክ ላይ «የተፈወሳችሁ ሁሉ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ አረጋግጡ» ብሏል፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ስታጠብ እብጠቱ ቦታው ላይ ነበር።

ምን ላድርግ? ጉባኤው ፊት የተናገርኩትን እንዴት ልመልሰው? ሰው ሁሉ «የተፈወሰችው ዘነበች» ብሎ ይጠራኝ ጀምሯል። ገበያ ድረስ መጥተው በሽተኛ ጋ ሄጄ እንድጸልይ ይለምኑኛል። እኔም እሄዳለሁ። በቀሚሴ ሥር እብጠቴን ይዤ የሌላውን ሰው እብጠት እገሥጻለሁ። ነገ ይጠፋል፣ ከነገ ወዲያ ይጠፋል እያልኩ ወራቱ ሄዱ። ጌታን ግን አንድም ቀን «አለ» ብዬ አልነገርኩትም። በጸሎት እንኳን «ስለ ፈወስከኝ አመሰግንሃለሁ» ነበር የምለው። እሱንም ላሳምነው ፈልጌ ነው መሰለኝ።

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉም ያፈርኩበትን ነው። ሚያዝያ ላይ ምሕረት ቤቴ መጣች። ምሕረትን ታውቋታላችሁ፣ ከመዘምራን መካከል ተቀምጣለች፤ ይህንን የማወራው እሷ ፈቅዳልኝ ነው። ሁለት ልጆች ያሏት ወጣት እናት ናት። «እትዬ ዘነበች፣ እኔም ጡቴ ላይ እንዳንቺው አለ። ሐኪም ቤት ልሂድ ወይስ ይጸለይልኝ?» አለችኝ።

«አንቺ ብቻ እመኚ። ሐኪም ቤት ከሄድሽ መጠራጠር ነው» አልኳት።

ይህንን ያልኩት ስለማምን አልነበረም። ሄዳ ብትመረመር፣ ተመልሳ «አንቺስ ተመርምረሽ ነበር?» ትለኛለች ብዬ ስለፈራሁ ነው። ጸለይኩላት፣ አመስግናኝ ሄደች። ጌታ ሆይ፣ ማረኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የመስቀል ሥራ ተጀመረ። የእኛ አገር ሴት ከመስቀል በፊት ምን እንደምትሆን ለእናንተ አልነግርም። ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከየሄደበት ዘመዱ ሁሉ ሊገባ ነው፤ ቆጮው መድረስ፣ ቤቱ መለቅለቅ አለበት። በዚያ ወር ሴት አትታመምም፣ ፈቃድ የላትም። ጎረቤቴ ሙኒራ እንሰት ልትፍቅልኝ መጣች። ሙኒራ የቡታጅራ ልጅ ናት፣ እኛ ሰፈር አግብታ የመጣች፣ ሙስሊም ናት። ለእሷ ዒድ እኔ እሄዳለሁ፣ ለእኔ መስቀል እሷ ትመጣለች። ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንፍቅ ግራ እጄን ሳነሳ ፊቴ ተቋጥሮ ኖሯል፣ ሥራዋን አቆመች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ጎኔን ወጋኝ።»

«ወላሂ ጎንሽ አይደለም። ተነሺ!»

እጄን ይዛ እየጎተተች እንሰቱ መሃል አስገባችኝና «አሳዪኝ» አለች። ሙኒራ ስታዝ እምቢ አይባልም። አሳየኋት። ያ ሽምብራ እንቁላል አክሎ ነበር። ቆዳው እንደ ሎሚ ልጣጭ ተበሳስቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሙኒራ ልብሴን መልሳ አስተካከለችልኝና ዝም አለች። በጉርብትናችን ሙሉ ሙኒራ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም፤ ያኔ ነው እውነተኛውን ፍርሃት የፈራሁት።

«እህቴን ፋጡማን እንዲህ ነው የጀመራት» አለችኝ ቆይታ። «ሐኪም ቤት ሂጂ ስንላት ረመዳን ይለፍ አለች። ረመዳን አለፈ። ከዚያ ዒድ ይለፍ አለች። ከዚያ የልጄ ሠርግ ይለፍ አለች። ሠርጉን ተኝታ ነው ያየችው። ሁለተኛውን ረመዳን አላየችም።»

እኔ ምን ብዬ መለስኩላት መሰላችሁ? «እሺ፣ መስቀል ይለፍና እሄዳለሁ።»

ሙኒራ ተናደደች። «ለቆጮው ነው? ቆጮሽን እኔ እፍቅልሻለሁ። እንግዳሽንም እኔ አበላልሻለሁ። ዛሬ ለደምሰው ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ!»

«ሙኒራ፣ ሕዝብ ፊት ቆሜ ድኛለሁ ብያለሁ እኮ» አልኳት። እውነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ የወጣው እዚያ እንሰት መሃል ነው።

ትክ ብላ አየችኝ። «አላህ ያውቀው የለ እንዴ?» አለች። «እሱ ካወቀ ታዲያ ከማን ነው የምትደብቂው?»

ወገኖቼ፣ ስንት ዓመት ስብከት ሰምቻለሁ። እንደዚያች ቃል አጥንቴ ድረስ የገባ የለም። ጌታ በማን አፍ እንደሚናገር አይታወቅም። ስሙ ይባረክ!

ደምሰው ምሳውን ሊበላ ሲመጣ ነገርኩት። «ከመቼ ጀምሮ?» አለ። «ከጥር» አልኩት። ምግቡን ገፋ አደረገው። «እኔ በየቀኑ የሰው ሚስት ሆስፒታል አደርሳለሁ» አለ። ወጥቶ ባጃጁን መጥረግ ጀመረ። ባጃጁ ንጹሕ ነበር፤ ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ጠረገው። ከዚያ «ልበሺ» አለኝ። በማግስቱ አላለም፣ ያኔውኑ።

የመረመረኝ ዶክተር የሰሜን ሰው ነው፣ ልጅ እግር፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። «መቼ ነው ያዩት?» አለኝ። «ባለፈው ወር» አልኩት። ሐኪም ፊት ተኝቼ እንኳን ልዋሽ! እጁን ታጠበና፣ «እትዬ፣ ሰውነትዎ ሌላ ነገር ነው የሚነግረኝ» አለ።

«ከጥር ነው፣ ልጄ» አልኩ። «ተፈውሻለሁ ብዬ መስክሬ ስለነበረ ነው ያልመጣሁት።»

ይስቅብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የእኔ እናት ጸበል ትሄዳለች። እኔም አልከለክላትም፣ ግን የስኳር መድኃኒቷን በቦርሳዋ እከትላታለሁ። እርስዎም ይጸልዩ። ይሄ ነገር ግን እርስዎ እስኪወስኑ ቆሞ አይጠብቅም። ዛሬ ናሙና እንወስዳለን» አለኝ።

ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ መስቀል ደረሰ። ዘመድ ሁሉ ገባ። ሙኒራ እንዳለችው እንሰቱን ፍቃ፣ ቆጮውን ጋግራ፣ እንግዳውን ተቀበለች። ሰዎች «ዘነበች፣ ዘንድሮ ቆጮሽ ለስልሷል» ሲሉኝ «የሙኒራ ነው» አልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የእኔ ነው እል ነበር። እነሱ ሲበሉ እኔ ልጆቼን አያለሁ። የሚቀጥለውን መስቀል አያለሁ ወይ እላለሁ በልቤ። ከብዙ ወራት በኋላ ያን ሰሞን ነው በእውነት የጸለይኩት፦ «ጌታ ሆይ፣ እብጠቱ አለ። ፈርቻለሁ።» በቃ፣ ይሄ ብቻ ነበር ጸሎቴ። እና ሰላም መጣልኝ። ከሌላው ጊዜ ሁሉ የበለጠ የዳንኩት ያኔ ይመስለኛል። ሃሌሉያ!

ውጤቱ መጣ። ካንሰር ነው። ዶክተሩ ሳይደብቅ ነገረኝ፦ «በጥር መጥተው ቢሆን ምናልባት እብጠቱን ብቻ እናወጣ ነበር። አሁን ጡቱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ብብትዎ ሥር ያሉት ዕጢዎችም ይጸዳሉ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄደው ኬሞ ይወስዳሉ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሳንባና ጉበትዎ ላይ ግን ምንም አላየንም። ዘግይተዋል፣ ግን ደርሰዋል።»

ደርሰዋል! ጌታ ይመስገን!

ስንወጣ ደምሰውን «ወደ ቤት አትውሰደኝ» አልኩት። «ምሕረት ቤት ውሰደኝ።»

ምሕረት ልብስ ታሰጣ ነበር። «እትዬ፣ ምነው በሰላም? ጸሎት ልንይዝ ነው?» አለች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው።» እጇን ይዤ ደረቴ ላይ አደረግኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠፍቷል ያልኩት ነው።»

እሳት እንደነካው ሰው እጇን ሳበች። «ሚያዝያ ላይ ስጠይቅሽም ነበረ?»

«ነበረ።»

«እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

ከሚያለቅሱ ሰዎች የሚሳደቡት ይሻሉኛል። ምሕረት አልተሳደበችም፤ ልብሱን እንደያዘች አለቀሰችና፣ «እባክሽ ከግቢዬ ውጪልኝ» አለችኝ። ወጣሁ። ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ደምሰው ሞተሩን አላስነሳም። «እንሂድ» አልኩት። «ትንሽ እንቆይ» አለ። ቆየን። ልጆቿን ለአማቷ ሰጥታ ነጠላዋን ደርባ መጣችና አጠገቤ ገብታ ተቀመጠች። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ አንድ ቃል አላናገረችኝም።

የእሷም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ግን ትንሽ ነበር፣ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። እብጠቱን ብቻ አወጡላት። ዶክተሩ «እሷን ማን ነው የላካት?» ሲለኝ፣ «ያዘገየኋትም የላክኋትም እኔ ነኝ» አልኩት። ዛሬ ስትዘምር ሰማችኋት አይደል? ስሙ ለዘላለም ይባረክ! ይቅር ያለችኝ ግን ወዲያው አይደለም፤ እንዲመስላችሁ አልፈልግም። ብዙ ወር ፈጀባት። መብቷ ነው።

እኔም ሆስፒታል ተኝቼ ቀዶ ጥገናው ተደረገልኝ። ከዚያ ለኬሞ አዲስ አበባ ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። ጠዋት ከወልቂጤ መናኸሪያ እንነሳለን፣ ሚኒባሱ ውስጥ ፌስታል ይዤ፣ ደምሰው አጠገቤ ሆኖ። ጸጉሬ ሲረግፍ ሻሽ አሰርኩ፤ ብዙዎቻችሁ ታይፎይድ መስሏችሁ ነበር፣ እኔም አላረምኳችሁም። መድኃኒቱ ከሚሰጥበት ክፍል አንዲት ሴት አወቅኩ። ከእኛ ዞን ናት፣ ከሩቅ ገጠር። አስፋልት ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግሯ ትሄዳለች። መጀመሪያ የታየችበት ቦታ ቅባት ሰጥተው መለሷት፣ ሁለተኛው ቦታ እንደገና ቅባት። እሷ ግን «ቅባት አልፈልግም፣ የሚቆርጥ ሐኪም አሳዩኝ» ብላ በቅሎ ላይ ተቀምጣ መጣች። ስንቆጥረው እብጠቱን ካየች በሁለት ወሯ ነው የደረሰችው። እኔ ሆስፒታሉ በመንገዴ ላይ ሆኖ፣ ባጃጅ የሚነዳ ባል አግብቼ፣ ስምንት ወር ፈጀሁ። እሷን ያራቃት መንገዱ ነው። እኔን ያራቀኝ ስሜ ነው። ለእሷ ዓይነቷ መንገዱ እንዲያጥር እንጸልይ፣ ለሚመለከታቸውም እንናገር። ለእኔ ዓይነቷ ግን መንገድ አይሠራላትም፤ መናገር ብቻ ነው ያለባት።

ቀዶ ጥገናው ሳይደረግልኝ በፊት ለወንጌላዊያችን ሁሉንም ነግሬው ነበር። አንተ ለጉባኤው ንገርልኝ ብዬ ለመንኩት። «እኔ አልነግርልሽም» አለኝ። «በአንቺ አፍ የተነገረ ነው፣ በአንቺ አፍ ይቃናል። አቅም ስታገኚ መድረኩ አለ።» ያኔ ጨካኝ መስሎኝ ነበር። ይኸው አቅም አገኘሁ፣ ይኸው መድረኩ።

ስለዚህ ቅዱሳን፣ ዛሬ «ጠፍቷል» አልላችሁም። በየሦስት ወሩ እመረመራለሁ። እስካሁን ንጹሕ ነው፤ ዶክተሩ «እስካሁን» ይላል፣ እኔም እሱን ተከትዬ «እስካሁን» እላለሁ። ቀሚሴ በአንድ በኩል ይወርዳል፣ ይኸው ይታያችሁ፤ ግራ እጄ እንሰት አይፍቅም። ከሁለት መስቀል አንዱን በሻሽ፣ ሌላውን በጸጉሬ አየሁ። ጌታ ዛሬም ይፈውሳል፣ አምናለሁ! ያን ቀን የተሰማኝ ሙቀት የእርሱ ነበር፣ ይህንንም አምናለሁ። ምናልባት «ተነሺ፣ ሂጂ» ብሎኝ ይሆናል። ቁጭ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሙኒራ ዛሬ መጥታለች። ግቢ ስንላት «አይ፣ እኔ ከውጭ እሰማለሁ» ብላ ከበሩ ፊት በደምሰው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣለች። የእኛ ድምፅ ማጉያ እንደሆነ እሷን አልፎ ገበያው ድረስ ያሰማል። ሙኒራ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ሁለቱንም እልሻለሁ።

አሁን ለእህቶቼ አንድ ነገር ልበልና ልውረድ። ይህንን ስናገር ልብሷ ላይ እጇን ያደረገች ሴት ከዚህ አይቻለሁ። ማን እንደሆነች አልናገርም። የጎረቤት ወሬ ያስፈራሻል፣ ባልሽ ያስፈራሻል፣ ምናልባትም እንደ እኔ የመሰከርሽው ያስፈራሻል። ጌታ አስቀድሞ አውቆታል፣ ምንም አዲስ ነገር አትነግሪውም። በእርሱ ታመኚና ተነሺ። መስቀል ይለፍ አትበይ።

የፊታችን ማክሰኞ የምርመራ ቀኔ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤታችን ፊት አስፋልቱ ዳር እቆማለሁ። ለምን መጣሽ ብዬ አልጠይቅም፣ መንገድ ላይም ዝም ማለት ይቻላል፤ ከምሕረት ጋር ዝም ብለን ሄደን ደርሰናል። የደምሰው ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይይዛል። አንዷ እኔ ነኝ።

ሁለት ቦታ አለ። ጌታ ይባረክ።